ሴረሙን መቀመጫ ላይ አትውጉ፦ በእብድ ውሻ ንክሻ ሕክምና የሚደጋገሙ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ መምጣቱ የተለመደ ነው። ባላለቁ ሕንፃዎች ሥርና ከልኳንዳ ቤቶች ጀርባ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይርመሰመሳሉ። ይህን የምጽፈው አዲስ ለምትመደቡ ነርሶች ነው፤ ወላጆችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሴረሙን፣ ማለትም ኢሚዩኖግሎቡሊኑን፣ እንደ ማንኛውም መርፌ መቀመጫ ላይ ወግቶ መሸኘት ነው። ጉንጩንና ጣቱን የተነከሰ ሕፃን እናቱ አዝላው መጣች። ካርዱ ላይ "ሴረም ተሰጥቷል" ተብሎ ተጽፏል። "የት ነው የወጉት እህቴ?" ስላት መቀመጫውን አሳየችኝ። ጉንጩን መርፌ የሚባል አልነካውም! ሴረም ማለት እኮ ተዘጋጅቶ የመጣ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሥራው ቫይረሱን ገና ቁስሉ ውስጥ ሳለ፣ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ እዚያው መያዝ ነው። ክትባቱ ሰውነት የራሱን መከላከያ እንዲሠራ እስኪያደርግ ከሳምንት በላይ ያልፋል፤ ሴረሙ የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። መቀመጫ ላይ የተወጋው ጉንጭ ጋ የሚደርሰው እጅግ ተመናምኖ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቁስል፣ ጥልቅ ያልሆነውን ጭምር፣ ውስጡንና ዙሪያውን ውጉ። ልጁ ይጮኻል፣ እናትም ታለቅሳለች፤ አባብሉ፣ ያዙ፣ ግን አትተዉት። ጣት ላይ በዝግታ ትንሽ ትንሽ አስገቡ፣ ተወጥሮ ሲገረጣ አቁሙ። ቁስሉ በዝቶ ሴረሙ ካልበቃ በኖርማል ሳላይን (ለመርፌ በተዘጋጀው የጨው ውኃ) አቅጥኑት እንጂ መጠኑን አትጨምሩ። ከሰው ደም የተሠራው በኪሎ 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተሠራው በኪሎ 40 ዩኒት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የፈረሱን 600 ዩኒት ይወስዳል ማለት ነው። ከዚያ ማለፍ የክትባቱን ሥራ ያዳክማል። ልጁን ሳይመዝኑ በግምት መስጠትም ያው ስህተት ነው።

"ክትባቱ ይበቃዋል" የሚሉም አሉ። ቆዳው ለተበሳ ሰው አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢራን ውስጥ አንድ ያበደ ተኩላ በአንድ ሌሊት 29 ሰዎች ነከሰ። ጭንቅላታቸውን ከተነከሱት መካከል ክትባት ብቻ ከወሰዱት 5 ሰዎች 3ቱ ሞቱ፤ ሴረም ከተጨመረላቸው 13 ሰዎች የሞተው 1 ነው። ቀድሞ ሙሉ ክትባት የወሰደ ሰው ግን ሴረም አያስፈልገውም።

ሴረሙ ሲጠፋ ክትባቱንም ማዘግየት ሌላው ጥፋት ነው። ክትባቱን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ሴረሙ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ከተገኘ ይሰጣል፣ ከዚያ ካለፈ አይሰጥም።

ሴረሙንና ክትባቱን በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅሉ፣ አንድ ቦታም አትውጉ።

የፈረስ ሴረም አለርጂ ያስነሳል ብሎ ፈርቶ መተውም አለ። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን አጠገባችሁ ይኑር፣ ታካሚውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ቢመጣ ተመልሶ እንዲመጣ ንገሩት። እርጉዝ ናት ብሎ መመለስ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ክትባቱም ሴረሙም ለእርጉዝ ይሰጣል።

ቁስሉን ሳያጥቡ መውጋት፦ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ከጀሪካን በጆግ እየተንቆረቆረም ቢሆን በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ። ቡና የተነሰነሰበት ቁስል ይዘው ለሚመጡ እማማዎች አትቆጡ፤ እያጠባችሁ አስረዱ። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ መርፌውን ግን አስቀድሞ ይውሰድ።

ቁስሉን ከሴረሙ በፊት አትስፉ።

ውሻው እስኪታይ ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ክትባቱ ይጀመር፤ ታስሮ የሚጠበቀው ውሻ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ያኔ ይቋረጣል።

በመጨረሻ፣ "ሴረም ወስጃለሁ" ብለው የሚጠፉ ታካሚዎች አሉ። ሴረሙ በሳምንታት ውስጥ ከሰውነት እየቀነሰ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክትባቱ የሠራው መከላከያ ብቻ ነው። የቀጠሮውን ቀን በትልቁ ጻፉለት፣ የጎረቤት ስልክም ቢሆን ተቀበሉ። ካርዱ ላይም "ተሰጥቷል" ብቻ አትበሉ፤ የትኛው ቁስል ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ጻፉ።