ለክልል ኤርፖርት ተከራዮችና ለአካባቢው ሰው ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

በክልል ኤርፖርት የምትሠሩ ከሆነ፣ በተለይ ማስታወቂያ የመጻፉ ነገር እናንተ ላይ ከወደቀ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ድሬዳዋ ወይም ጅማ ብትሆኑ ለውጥ የለውም። ተርሚናሉ ውስጥ ካፌ የከፈተ አለ፣ የባህል ዕቃ የሚሸጥ አለ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የሆቴል እንግዳ የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ በር ላይ ደግሞ ታክሲ ተሰልፏል። ከአጥሩ ማዶ ከብት የሚያሰማራ ገበሬ አለ። ሁሉም ከኤርፖርቱ መረጃ ይፈልጋል። የሚፈልጉት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦ «በጥገና ሥራ ምክንያት ጊዜያዊ የአገልግሎት መስተጓጎል ሊያጋጥም ስለሚችል ክቡራን ደንበኞቻችን በትዕግሥት እንድትጠብቁን እንጠይቃለን።» ይህን ያነበበ ሰው ምን ያድርግ? ካፌውን ይክፈት? እንግዳ ሊቀበል ይምጣ? መቼ ነው? አንዱም የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ ማስታወቂያ ማለት ሰውየው ነገ ጠዋት ሥራውን በምን እንደሚቀይር የሚነግረው ነገር ነው። እሱ ከሌለበት ባይወጣ ይሻላል።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ጉዳዩ የማንን ሥራ እንደሚነካ በስም ጻፉ፤ ካፌ፣ ታክሲ ማኅበር፣ ካርጎ፣ አስጎብኚዎች፣ ቀበሌ። ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ምን ያድርግ?» የሚለውን አንድ መስመር ሙሉ። መልስ ያጣችሁለት ካለ ሄዳችሁ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ እንጂ በአክብሮት ቃላት አትሸፍኑት።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት እንምጣ፤ ሰዓት። በአንድ ኤርፖርት ውስጥ ሦስት ሰዓት ነው የሚሠራው። የበረራ ሰዎች የሚጠቀሙት ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲ የሚባለውን ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር የኛ አካባቢ ሰዓት ነው፣ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ታክሲ ሹፌሩና የካፌዋ ባለቤት ደግሞ የሚኖሩት በሐበሻ ሰዓት ነው። ማስታወቂያ ላይ «9 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ።

ምሳሌ እንውሰድ። መንደርደሪያው ለጥገና ሊዘጋ ነው እንበል። ለአብራሪዎች የሚወጣው ማስታወቂያ፣ ኖታም የሚባለው፣ መነሻውን «2506160600» ብሎ በአሥር አሃዝ ይጽፈዋል። ሲነበብ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 2025፣ 6፡00 ዩቲሲ ማለት ነው። በኛ ሲሆን ሰኞ ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ከዩቲሲ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመምጣት 3 ቀንሱ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከ1 ካነሰ 12 ጨምሩ፤ 6 የነበረው 3 ይሆናል፣ 10 የነበረው 7 ይሆናል። ለማስታወቂያ ስትጽፉ ሁለቱን አብራችሁ አስቀምጡ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት (ትኬት ላይ 9፡00)»። ዩቲሲውን ለተከራይ አትላኩ፣ ምንም አይጠቅመውም።

የሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነው። ሰኞ 22፡00 ዩቲሲ ማለት በኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ቆጠራ ማክሰኞ ገብቷል። «ሰኞ ሌሊት» ብትሉ የየትኛው ሌሊት እንደሆነ ሁሉም በራሱ ይተረጉመዋል። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» በሉ፤ ማንም አይሳሳትም።

ሌላ ልብ የምትሉት ነገር፣ የኖታሙ መጨረሻ ሰዓት አጠገብ «ኢ ኤስ ቲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ካሉ ሰዓቱ ግምት ነው ማለት ነው። እናንተ ገልብጣችሁ «6 ሰዓት ላይ ይከፈታል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «6 ሰዓት ላይ ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል፣ ከተቀየረ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እናሳውቃለን» በሉ። ከዚያ 5 ተኩል ሲሆን ለውጥ ባይኖርም ጻፉ። ሰው የሚናደደው ዝም ሲባል ነው።

ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንደዚህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰኞ ሰኔ 9 (በፈረንጅ ሰኔ 16) መንደርደሪያው ስለሚጠገን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት (ትኬት ላይ ከ9፡00 እስከ 12፡00) አውሮፕላን አያርፍም፣ አይነሳም። የሚከፈትበት ሰዓት ግምት ነው። ካፌና ሱቆች፦ ተርሚናሉ ክፍት ነው፣ መንገደኛ ግን የለም፣ የምትጋግሩትን በዚያው ልክ አድርጉ። ታክሲዎች፦ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ወረፋ አትያዙ። አስጎብኚዎች፦ የእንግዶቻችሁን በረራ ከአየር መንገዱ አረጋግጡ። ለውጥ ካለ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል (ትኬት ላይ 11፡30) እዚሁ ይጻፋል።»

ረዘመ? ረዝሟል። ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር ፈልጎ ያገኛል።

በበዓል ሰሞን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ላሊበላ ለገና፣ ጎንደር ለጥምቀት፣ አክሱም ለኅዳር ጽዮን በረራም እንግዳም ይበዛል። ተከራዩ ዕቃ የሚያስገባው፣ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ለአዲስ ሠራተኛ የመግቢያ ባጅ የሚያወጣው ከዚያ በፊት ነው፤ ባጅ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ቀኑን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፣ በፈረንጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት በሚመጣው ዓመት ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነው። ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ገልብጦ መለጠፍ እዚህ ላይ ያሳስታል።

ከአጥሩ ውጭ ላለው ሰው የምትጽፉት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የወፍ ጉዳይ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ሊበር ከባሕር ዳር የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፣ ሞተሮቹ ጠፉ፣ አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወጣ ሜዳ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። «ቆሻሻ በየቦታው አትጣሉ» ብሎ ማለፍ እና ይህን መንገር አንድ አይደለም። ወፍ የሚመጣው ለምግብ ነው፤ የተጣለ የበሬ ሆድ ዕቃ፣ ክፍት ገንዳ፣ የፈሰሰ እህል። ጥንብ አንሳና አባ ኮዳ ባሉበት ከተማ ቄራው ቀሪውን የት እንደሚጥል የኤርፖርቱም ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል፣ ይህ ብዙ ቀበሌዎችን ያጠቃልላል።

ታዲያ ይህን በቴሌግራም ብቻ አትልቀቁት። ቄራ የሚሠራው ሰው ቻናላችሁ ውስጥ የለም። ወደ ቀበሌው ሂዱ፣ የእድር ዳኛውን አነጋግሩ፣ ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲነገር የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን ሰዎች ለምኑ፣ የአካባቢውን ሬዲዮ ደቂቃ ጠይቁ። ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉት፤ «ሥጋ ነክ ቆሻሻ ከአጥሩ አጠገብ አይጣል፣ ተጥሎ ካያችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉ»። ቁጥሩ ላይ የሚያነሳ ሰው መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ሞክሩ። ገለባ ማቃጠልና ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ለብቻቸው በሌላ ቀን ይነገሩ። አንድ ላይ ከታጨቁ አንዱም አይያዝም።

የአደጋ ጊዜ ልምምድ ስታደርጉ ደግሞ ለሰፈሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ኤርፖርቶች ሙሉውን ልምምድ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ማድረግ አለባቸው። ጭስ ይነሳል፣ አምቡላንስ ይሮጣል፣ የቀይ መስቀል ልጆች ቃሬዛ ይዘው ይታያሉ። ያልተነገረው ሰው ልጁን ፍለጋ ይሮጣል፣ ፎቶውም በደቂቃ ፌስቡክ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት ንገሩ፣ ሲያልቅም «ልምምዱ አልቋል» በሉ።

እውነተኛ አደጋ ከተፈጠረ ግን በግምት አትጻፉ። ምክንያቱን መናገር የመርማሪዎቹ ሥራ ነው። እናንተ የምትጽፉት ኤርፖርቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ቤተሰብ የት ይጠይቅ፣ ቀጣዩ መረጃ ስንት ሰዓት ላይ ይወጣል የሚሉትን ነው። በማንኛውም ቀን ቢሆን የጥበቃ ፈረቃ፣ የካሜራ ቦታ፣ ባንኩ ገንዘብ የሚያስገባበት ሰዓት የመሳሰሉት ቴሌግራም ላይ አይጻፉም፤ ለሚመለከተው ተከራይ በአካል ይነገራሉ።

ለተከራዮች ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር ክፈቱ፤ እናንተ ብቻ የምትጽፉበት ቻናልና እነሱ የሚጠይቁበት ግሩፕ። ከተደባለቁ የመንደርደሪያው ማስታወቂያ በመልካም በዓል ምስሎች ሥር ይቀበራል። ስልክ የማይጠቀም ወይም ኔትወርክ ያጣ ሰው ስላለ ያንኑ ጽሑፍ በትልቅ ፊደል አትማችሁ በሠራተኛ መግቢያው በር ላይ ለጥፉ፣ የወጣበትን ቀንና ሰዓት ከላይ ጻፉበት። ጉዳዩ ሲያበቃ ወረቀቱን ንቀሉ፣ ቻናሉ ላይ ፒን ያደረጋችሁትንም አንሱ፣ «ከቀኑ 6፡20 ጀምሮ መንደርደሪያው ክፍት ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ካፌውና ወደ ታክሲ ተራው ወረድ በሉና መልእክቱ ስንት ሰዓት እንደደረሳቸው ጠይቁ፤ ዘግይቶ የደረሰው ለማን እንደሆነ ካወቃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ለእሱ በስልክ ትደውላላችሁ።