የ1955ቱን የቤዝቦል ካርዶች መሰብሰብ እንዴት ይጀመራል?

የኒውዮርክ ያንኪስ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው የሚኪ ማንትል ምስል ያለበት አንድ የ1952 ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለው ወሬ ብዙ ሰው ያጓጓል፤ ለጀማሪ ግን የሚፈይደው ነገር የለም። ትርፍ ፈልገው ከሆነ ገንዘብዎን ባንክ ቢያስቀምጡት ይሻላል። ካርዱ ላይ ያለው ወጣት በኋላ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ግን ከታች ያለው መንገድ ይጠቅምዎታል።

1. አንድ ዓመትና አንድ አሳታሚ ይምረጡ

ያገኙትን ሁሉ መግዛት ከጀመሩ ስብስብዎ ቅጥ ያጣል። እኔ የምመክረው ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1955 ከማስቲካ ጋር እያሸገ ያወጣውን ስብስብ ነው። ካርዶቹ አግድም የተሠሩ ናቸው፤ በአንድ በኩል የተጫዋቹ ፊት በትልቁ፣ በሌላ በኩል ሲጫወት የሚያሳይ ትንሽ ምስል፣ ከዚያም የታተመ ፊርማው አለ። ማንትል በዚያ ዓመት ውሉ ቦውማን ከተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ጋር ስለነበር እዚህ ስብስብ ውስጥ የለም። ይህ ለኪስዎ መልካም ዜና ነው።

2. ዝርዝሩን ይያዙ፤ የሌሉትን ቁጥሮች አይፈልጉ

የመጨረሻው ካርድ ቁጥር 210 ነው፤ የታተሙት ግን 206 ብቻ ናቸው። 175፣ 186፣ 203 እና 209 በዚህ ስብስብ ጨርሶ አልወጡም። ይህን ያላወቀ ሰው በሌለ ካርድ ፍለጋ ይደክማል፤ አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎትም ሰላምታ ሰጥተው ይለፉ።

3. በአንድ ቡድን ይጀምሩ

206ቱን በአንድ ጊዜ ማሳደድ አያስፈልግም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚኖር አንባቢ የዋሽንግተን ሴናተርስ ካርዶች ጥሩ መነሻ ናቸው። የቡድኑ ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም ይቆም የነበረው ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለበት በጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው፤ በዚያ የሚያልፍ ሐበሻ ብዙ ነው።

ከቡድኑ ሁለት ካርዶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንደኛው ሃርሞን ኪልብሩ ነው። በ1954 ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ፈረመ። በዘመኑ ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ገንዘብ የተከፈለውን ልጅ ቡድኑ ለሁለት ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ማውረድ ስለማይችል፣ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ያሳለፈው። ካርዱ የታተመው በዚያ ወቅት ነው። ይህ ወንበር አሟቂ ከሜዳ ሲሰናበት 573 ሆም ረን (መቺው ሜዳውን ሙሉ ዙር እንዲዞር የሚያስችል ረጅም ምት) መትቶ ነበር፤ በ1984 የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ካርዱም በዚያው ልክ ውድ ነው።

ሁለተኛው ካርሎስ ፓውላ ነው፤ ካርዱ ርካሽ ነው፣ ለእኔ ግን የተሻለ ታሪክ የያዘው እሱ ነው። ኩባዊው ፓውላ በመስከረም 1954 ለሴናተርስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ቡድን ተሰልፎ የታላቁን ሊግ (ሜጀር ሊግ) በር ለጥቁር ተጫዋቾች ከከፈተ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። የሚገርመው፣ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ሊግ ቡድን በዚያው ስታዲየም ለዓመታት ተጫውቷል፤ የሜዳው ባለቤቶች ኪራዩን ተቀብለው ተጫዋቾቹን አልተቀበሉም። ፓውላ በ1955 የመምታት አማካዩ 0.299 ነበር፤ ዱላ ይዞ ከቆመባቸው አሥር አጋጣሚዎች በሦስቱ ገደማ ተሳክቶለታል ማለት ነው። ያም ሆኖ በታላቁ ሊግ የቆየው እስከ 1956 ብቻ ሲሆን በድምሩ 157 ጨዋታዎች አድርጓል።

4. የካርዱን ጀርባ ያንብቡ

የካርዱ ጀርባ የተጫዋቹን የትውልድ ቦታና ቀን፣ በየትኛው እጁ እንደሚመታና እንደሚወረውር፣ ያለፈውን ዓመትና እስከዚያ ያስመዘገበውን ውጤት ይነግርዎታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ይሙሉ። የአሜሪካ ቤዝቦል ጥናት ማኅበር የተጫዋቾችን የሕይወት ታሪክ በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይመድቡለት።

በዚህ በኩል ስብስቡ የታደለ ነው። ቁጥር 123 ሳንዲ ኮፋክስ ነው፤ ለዓመታት ተራ ወርዋሪ ሆኖ ቆይቶ ከ1961 በኋላ የሚስተካከለው ጠፋ፤ በክርኑ ሕመም ምክንያት በሠላሳ ዓመቱ ሜዳውን ለቀቀ። ቁጥር 164 ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው። ካርዱ ሲዘጋጅ በታላቁ ሊግ አንድም ጨዋታ አላደረገም። በ1972 ሦስት ሺኛ ስኬታማ ምቱን አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲሄድ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ቶፕስ በ1955 “ሮቤርቶ” ብሎ በትክክል ያተመውን ስም በኋላ ለአሜሪካውያን ጆሮ እንዲመች ለዓመታት “ቦብ” እያለ አትሞታል። የኋለኞቹን ካርዶቹን ካገኙ ያስተያዩ።

5. ከመክፈልዎ በፊት ይመርምሩ

መጀመሪያ ከታወቀ ነጋዴ አንድ ርካሽ እውነተኛ የ1955 ካርድ ይግዙ፤ መለኪያዎ እሱ ነው። መጠኑ 6.7 በ9.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አጠር ብሎ ጠርዙ እንደ አዲስ የተሳለ ካርድ ካጋጠመዎት ያረጀው ጠርዝ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ማጭበርበር ትንሽ ሰው ብቻ የሚሠራው አይደለም፤ በዓለም እጅግ ዝነኛ የሆነውን የጥንቱን ተጫዋች የሆነስ ዋግነርን ካርድ ጠርዝ መቁረጡን አንድ ታዋቂ አጫራች በ2013 በፍርድ ቤት አምኗል።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጥቁሩን ጽሑፍ ይመልከቱ። በእውነተኛው ካርድ ፊደሉ ድፍን ነው፤ ከፎቶ ተገልብጦ የታተመው ግን ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ራሱ በነጠብጣብ የተሞላ ነው። የወረቀቱን ውፍረትና የጀርባውን ቀለም ከመለኪያዎ ጋር ያነጻጽሩ። ኮፋክስን ወይም ክሌሜንቴን የመሰለ ውድ ካርድ ከሆነ ግን በዓይንዎ አይተማመኑ፤ ፒኤስኤ ወይም ኤስጂሲ የተባሉት የካርድ መርማሪ ድርጅቶች መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሸጉትን ብቻ ይግዙ።

6. ዋጋ

ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሽያጫቸው የተጠናቀቀውን ብቻ ለይተው ይመልከቱ። ማዕዘናቸው የተጠጋጋ፣ አንድ እጥፋት ያላቸው ካርዶች ከንጹሖቹ በእጅጉ ይረክሳሉ፤ የሚነግሩዎት ታሪክ ግን ያው ነው።

7. አቀማመጥ

ካርዱን መጀመሪያ በስስ የፕላስቲክ ኪስ፣ ከዚያ በጠንካራ መያዣ ያስገቡት። ፒቪሲ ያለበት ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ስለሚጎዳው አይጠቀሙበት። ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት፤ በላስቲክ አስረው አያስቀምጡት፣ አልበም ላይም በሙጫ አይለጥፉት። ጀርባው ላይ ከእሽጉ የቀረ የማስቲካ እድፍ ካለም አይንኩት፤ አጸዳለሁ ብለው ሲፈትጉት አብሮ የሚነሳው ሕትመቱ ነው።