ውል ላይ ምህጻረ ቃል እንዴት ይጻፋል? ለጅማ ነጋዴና አከራይ

አንድ የጅማ ቡና አቅራቢ ሁለት ውል ቢፈርምና በሁለቱም «ቅ.ክ.» የሚል ቢገኝ፣ በአንዱ ቅድመ ክፍያ፣ በሌላው የቅጣት ክፍያ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ውል የለመዱትን ትርጉም ተማምነው አይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1733 እንደሚለው፣ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛ ከዚያ ወጥቶ ሊተረጉም አይችልም። ቃሉ አሻሚ ሲሆን ነው ክርክሩ የሚጀምረው።

መጀመሪያ ረቂቁን ከነአባሪዎቹ ያንብቡና የተቆረጠውን ቃል ሁሉ በእስክሪብቶ ያክብቡ። በሌላ ወረቀት ላይ ምህጻረ ቃሉን፣ ሙሉ ትርጉሙንና ያለበትን ገጽ ይመዝግቡ። አንዱ ምህጻረ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ከተገኘ አንደኛውን በሙሉ ይጻፉት። «ቅ.ክ.» እና «ቀ.ክ.» (ቀሪ ክፍያ) አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ሁለቱንም ያስወግዱ፤ በእጅ ጽሑፍ አይለዩም።

የሰው ስም ፈጽሞ አይቆረጥም። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ይሆናል። ጅማ ላይ ደግሞ «አ/» አንዳንዴ አባ፣ አንዳንዴ አብዱ ነው። ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለ እስከ አያት ይጻፉ፤ አለዚያ ፈራሚው «እኔ አይደለሁም» ሲል ማስረጃ ፍለጋ ይገባሉ።

ቀጥሎ ትርጓሜውን ቃሉ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ያስገቡ፦ «… ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር (ከዚህ በኋላ «ሻጭ» እየተባለ የሚጠራ)»። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው «ሻጭ» ብቻ ይበሉ። «ማህበሩ» ማለት ያሳስታል፤ ገዢውም ማህበር ከሆነ ግዴታው የማን እንደሆነ ይጠፋል።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በመለኪያና በቀን ነው። ፈረሱላ በቡና ንግድ 17 ኪሎ ግራም ነው፤ ኩንታል 100፣ የኤክስፖርት ጆንያ 60። «50 ኩ/ል» ብቻ የሚል ውል ላይ ገዢው 5,000 ኪሎ ሲጠብቅ ሻጩ 50 ጆንያ፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን በኪሎ ግራም፣ በአኃዝና በፊደል ያስቀምጡ፤ ቡናው እሸት (ገና ያልደረቀ ፍሬ)፣ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ) ወይም ቅሽር (የተፈለፈለ) መሆኑንም ይግለጹ። ከዓመተ ምህረቱ ቀጥሎም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አይቅር፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን (ተ.እ.ታ) ይጨምር አይጨምር በግልጽ ካልተጻፈ 15 በመቶው ማን ላይ እንደሚያርፍ ያጨቃጭቃል።

የውጭ ገዢ ካለ «ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ» (ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ ጭኖ ማስረከብ) ብቻውን አይበቃም። በኢንኮተርምስ 2020 (የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የንግድ ቃላት ደንብ) መሠረት ቡናው መርከብ ላይ ሲጫን ስጋቱ ወደ ገዢው ይዛወራል፤ በአሜሪካ የንግድ ሕግ ግን ኤፍ.ኦ.ቢ. እንደሚጠቀሰው ቦታ እስከ መድረሻው ድረስ ስጋቱን በሻጩ ላይ ሊያቆይ ይችላል። «በኢንኮተርምስ 2020 መሠረት» የሚለውን ሐረግ አብረው ያስገቡ።

አባሪ ካለ ይህን አንቀጽ ይጨምሩ፦ «በዋናው ውልና በአባሪው መካከል የቃል ትርጓሜ ልዩነት ቢፈጠር የዋናው ውል ትርጓሜ ይጸናል።»

ውሉ በአፋን ኦሮሞም የሚዘጋጅ ከሆነ የአማርኛው ምህጻረ ቃል ወደዚያ አይሻገርም፤ ፊደላቱ ሌላ ናቸውና። በሁለቱም ቅጂ ሙሉ ቃሉን ይጻፉ፤ ልዩነት ቢመጣ የትኛው ቅጂ እንደሚጸናም ከመፈረምዎ በፊት ይስማሙ።