በእጃችሁ ባለው ስልክ አጭር ፊልም እንዴት ይቀረፃል? ከድምፁ ጀምሩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፊልም መሞከር የሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «የት ነው የምትቀርፁት?» እላለሁ። የመጀመሪያ ስራዬን የቀረፅኩት ፒያሳ፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ነበር። እናትና ልጅ ቡና ላይ ያወራሉ። ምስሉ ያምራል። ማታ ኢርፎን አድርጌ ሳዳምጥ ግን የልጁን ዋና ንግግር የባጃጅ ጩኸት ውጦታል። በጣም አዘንኩ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ በዚያችው ትዕይንት ላሳያችሁ፤ እናት፣ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ ሶስት ደቂቃ።

መጀመሪያ ቦታውን በጆሯችሁ ምረጡ። በምትቀርፁበት ሰዓት ሂዱና አይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ፍሪጅ አለ? የጎረቤት ቴሌቪዥንስ? ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ለሙቀቱ የተከፈተውን ቬንትሌተር አጥፉ። ደሴ ላይ ክረምት ከሆነ ደግሞ ሰማዩን እዩ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ንግግር መቅረፅ አይታሰብም። የአዛኑንና የቅዳሴውን ሰዓትም አስቀድማችሁ እወቁ። ባዶ ግድግዳና ሊሾ ወለል ድምፅ ያስተጋባል። ካሜራው በማያየው በኩል ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ፍራሽ አቁሙ።

ቀጥሎ ማይኩን ወደ አፍ አቅርቡ። ትልቁ ሚስጥር ይሄ ነው። ሁለተኛ ስልክ ተዋሱ፣ ማይክ ያለው ኢርፎን ሰኩበት፣ ማይኩን ከተናጋሪው አገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ነጠላው እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ጨርቅ ሲፋተግ ይንኮሻኮሻል። ስልኮቹን አይሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲቲንግ ላይ የጭብጨባዋን ድምፅ እጆቹ ከተጋጠሙባት ምስል ጋር ስታገጥሙ ሁሉም ቦታውን ይይዛል። የምትቀዱበት አፕ የድምፅ መጠን የሚያሳይ መለኪያ ካለው፣ ጮክ ሲሉም ከ-12 ዲሲቤል ባያልፍ ይሻላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ይበልና የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ። ንግግር ስትቆርጡ የሚፈጠረውን ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው። ቡናው ሲኒ ውስጥ ሲንቆረቆር ያለውን ድምፅም ቀረብ ብላችሁ ለብቻው ቅዱ።

አሁን ካሜራው። ሌንሱን በንፁህ ጨርቅ ጥረጉ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም ስትቀርፁ አምፖሉ ሊርገበገብ ይችላል። ስክሪኑን ፊታቸው ላይ ጫን ብላችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ። መስኮቱ በጎናቸው ይሁን፤ ፀሐዩ ከበረታ ነጭ ነጠላ ጋርዱበት።

መጀመሪያ ሁለቱንም ከነክፍሉ፣ ከዚያ እናትየውን፣ ከዚያ ልጁን፣ በመጨረሻ ቡናውን የምትቀዳበትን እጅ ቅረፁ። ካሜራው ሁልጊዜ ከሁለቱ በአንድ ወገን ይቁም፤ ከተሻገረ ጀርባ የተሰጣጡ ይመስላሉ። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የመስኮቱ ብርሃን ቶሎ ይለወጣል። ስለዚህ የእናትየውን ንግግር ሁሉ ሳታቋርጡ ጨርሱና ወደ ልጁ ዙሩ።

ቤት ስትገቡ ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ ከዚያ በፊት ከስልኩ ምንም አታጥፉ። ለኤዲቲንግ ኮምፒውተር ካለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ፕሮግራም ነፃው ስሪት ከበቂ በላይ ነው፤ በስልክ ካፕካት ይሆናል። ስክሪኑን ሳታዩ መጀመሪያ ንግግሩን በጆሮ ብቻ ቆርጣችሁ አስተካክሉ። ምስሉን ከዚያ በላዩ አስቀምጡ። ልጁ ሲናገር የእናትየውን ፊት ለማሳየት አትፍሩ፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው የሚሰማው ሰው ፊት ላይ ነው። ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ያውም ካስፈለገ።

ሲያልቅ ስክሪፕቱን ለማያውቅ ሰው በስልክ ስፒከር አሰሙት። ያልገባው ቃል ካለ ልጁን ጥሩትና ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ማይክ ድገሙ። ምስሉን እንደገና መቅረፅ አያስፈልግም፤ ድምፁ ሲሰማ እናትየው ሲኒዋን ይዛ ትታይ።