ያለ ፌስታል ሱቅ ማስተዳደር፦ ለደብረ ብርሃንና ለዙሪያው ነጋዴ

አንድ ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ሳሙና። ሦስቱን ለየብቻ በፌስታል ቋጥሮ፣ ሁሉንም በአንድ ኩርቱ ፌስታል ጨምሮ መስጠት የሱቅ ወግ ሆኖ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1383/2017 ግን ፌስታል ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ ለንግድ ማከማቸትን፣ መሸጥንም መጠቀምንም ከልክሏል። ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። በሚያመርተውና በሚነግደው ላይ የተቀመጠው ቅጣት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ «ደንበኛ ለምኖኝ ሰጠሁት» ማለት ነጋዴውን አያድነውም፤ ደንበኛውንም ከበር ሲወጣ ለቅጣት አሳልፎ መስጠት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በውፍረት ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ያተኮረው ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነው ስስ ፌስታል ላይ ነበር። አከፋፋዮች ዛሬም ያንን ቁጥር እየጠቀሱ «ይሄ ወፍራም ነው፣ ይፈቀዳል» ይላሉ። በዚህ ቃል ተማምናችሁ አንድም ጥቅል አትግዙ።

ዕቃችሁን በባሕርዩ ለዩ

በፌስታሉ ፋንታ ሌላ ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ቁጠሩ። ከሚዛኑ አጠገብ ወረቀት አስቀምጡና ፌስታል በመዘዛችሁ ቁጥር ምን እንደያዘ በአራት ዓምድ ጭረት አድርጉ፦ ምንም የማያስፈልገው፣ ደረቅ፣ ቅባትና እርጥበት ያለው፣ ፈሳሽ። የምትቆጥሩበት ሳምንት የገበያ ቀን ይኑርበት፤ ከጾም ጋር አታገጣጥሙት፤ የሥጋና የቅቤ ዓምድ ባዶ ሆኖ ያሳስታችኋል።

ሳሙና፣ ክብሪት፣ የታሸገ ፓስታ፣ ባትሪ፣ ደብተር የመጀመሪያው ዓምድ ናቸው። በእጅ ይሄዳሉ። በተራ ሱቅ ይህ ዓምድ ከሁሉም ረዝሞ ቢገኝ አይግረማችሁ፤ ለእሱ ምትክ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፈሳሹም ብዙ አያነጋግርም፤ ለዘይት፣ ለወተትና ለአረቄ ደንበኛው ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ራስ የሚያዞሩት መካከለኞቹ ሁለቱ ዓምዶች ናቸው።

ለደረቅ ዕቃ፦ የወረቀት ከረጢት በእጅ መሥራት

ለስኳር፣ ለምስር፣ ለሽሮ፣ ለበርበሬና ለቆሎ ያልታተመበት ካኪ ወረቀት በቂ ነው። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ምግብ ያልፋል፣ በተለይ ቅባት ባለው ነገር። የተጻፈበት የተማሪ ደብተርም እንዲሁ።

ወረቀቱ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር 80 ግራም ይሁን። ሻጩ የነገራችሁ እውነት መሆኑን በራሳችሁ ሚዛን ማወቅ ትችላላችሁ፤ አሥር ሉክ 560 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። 490 ከሆነ የሰጣችሁ ባለ 70 ግራም ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ዕቃ ይሆናል እንጂ ለኪሎ ስኳር አይታመንም።

አንዱን ሉክ 35 በ25 አድርጋችሁ ስትቆርጡት ያለ ትርፍራፊ ስምንት ቁራጭ ይወጣዋል። መጀመሪያ ግን የወረቀቱን «ክር» እወቁ። ከጥጉ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ቀደድ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ቀጥ ብሎ የሚቀደድበት አቅጣጫ ክሩ የሚሄድበት ነው። ከረጢቱ ሲቆም ክሩ ከአፍ ወደ ታች መውረድ አለበት። ያን ጊዜ ወረቀቱ ሳይሰበር በቀላሉ ይጠቀለላል፣ ሸክምም ይችላል።

ማጣበቂያው የስንዴ ዱቄት ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል በጥብጡ። አራት ኩባያ ውኃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩበት፤ ነጭነቱ ጠፍቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አማስሉት። ሲቀዘቅዝ እንደ ወፍራም አጥሚት መሆን አለበት። ከቀጠነ ወረቀቱን አርሶ ያላላዋል እንጂ አይዝም። ከሁለት ቀን በላይ ያደረውን ድፉት፤ የኮመጠጠ ማጣበቂያ ሽታው ወደ ስኳሩ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፋቱ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 የሆነ ካርቶን ቁረጡ፤ ቅርጽ ማውጫችሁ እሱ ነው። ቁራጩን ወረቀት በ35ቱ ሳንቲ ሜትር በኩል በካርቶኑ ዙሪያ ጠቅልሉትና ጫፍና ጫፉን በ2 ሳንቲ ሜትር አደራርባችሁ አጣብቁ። ከታች በኩል ካርቶኑን ወደ ላይ ሳብ አድርጉና ግርጌውን 2 ሳንቲ ሜትር እጠፉ፣ ቀቡት፣ እንደገና 2 ሳንቲ ሜትር እጠፉት፤ በመጨረሻም የታጠፈውን ከከረጢቱ ገላ ጋር በስሱ አጣብቁት። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ካርቶኑን አውጡ፤ ከቆየ ከውስጥ ይይዘዋል። ሃያ ሃያውን ደርድራችሁ ጣውላና ድንጋይ ለአሥር ደቂቃ ጫኑበትና ከዚያ በጥላ ነፋሻ ቦታ ዘርጉት። በበጋ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ማደር አለበት፤ በደብረ ሲናና በጣርማ በር ጉም ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እርጥቡን የደረደረ በሦስተኛው ቀን ጥቁር ነጥብ ያገኝበታል። ያ ሻጋታ ነው፤ ተጠርጎ አይለቅም።

ይህ ከረጢት አንድ ኪሎ ስኳር ከያዘ በኋላ ለአፉ ማጠፊያ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ሽሮ ግን ቀላልና ብዙ ቦታ የሚወስድ በመሆኑ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይያዝበት። ለሁለት ኪሎ 35 በ50 ቁረጡና በ50ው በኩል ጠቅልሉት፤ ቅርጽ ማውጫው ካርቶን 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ከዚያ በላይ በዚህ ወረቀት አትሞክሩ።

ደንበኛ የሚያማርርበት ጉድለት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ግርጌው መንገድ ላይ ይከፈታል። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ ማጣበቂያው ቀጥኗል፣ ግርጌው አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፏል፣ ወይም ሳይደርቅ ተሞልቷል። ከየሃምሳው አንዱን አውጥታችሁ አንድ ኪሎ ከሩብ ምስር ሙሉበትና ከጠረጴዛ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ልቀቁት። ከተረፈ ሃምሳውም ይታመናል። ግርጌውን በስቴፕለር ማጠናከር ግን ክልክል ብለው ይያዙልኝ፤ ሽቦው ተነቅሎ ምስር ውስጥ ይገባል፤ ጥርስ የሚሰብር ነገር ከሱቃችሁ አይውጣ።

የዱቄት ማጣበቂያ አይጥና በረሮ ይጠራል። አንዳንዱ ለዚህ መድኃኒት ማጣበቂያው ውስጥ የተባይ መርዝ ጠብ ያደርጋል። ይህ ምግብ የሚያዝበት ነው፤ በምንም መንገድ አይደረግም። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በመደርደሪያ የሚቀመጥም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ግድግዳም አይንካ።

በደብረ ሲና መኪና ማቆሚያ ለመንገደኛ ቆሎ የሚሸጡ ግርጌ ያለው ከረጢት አያስፈልጋቸውም። 20 በ20 የሆነ ካኪ ወረቀት ከአንድ ጥግ ጀምሮ ሾጠጥ አድርጎ መጠቅለልና የታችኛውን ጫፍ ማጠፍ ለአንድ ብርጭቆ ቆሎ ይበቃል። ቆሎው ከምጣድ እንደወጣ አይጨመር፤ እንፋሎቱ ወረቀቱን ያላላዋል፣ ቆሎውንም ያለዝበዋል።

የአቡጀዲ ከረጢት፣ ጨርቅ መሳዩም

ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ቀለም ያለው፣ ሲነካ ጨርቅ የሚመስለው ከረጢት ከክር የተሸመነ አይደለም፤ አብዛኛው የተጨፈለቀ ፕላስቲክ ነው። ለማወቅ ከጠርዙ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከቤት ውጭ በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ይኮማተራል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጉብ ይሆናል። ይህን ዓይነት በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

አስተማማኙ አቡጀዲ ነው። ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ያልታጠበ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ደግሞ ደንበኛው ቤት ደርሶ ይጣመማል። ለአንድ ከረጢት 44 በ94 የሆነ ገላና ሁለት 10 በ60 የሆኑ ማንጠልጠያዎች ይቆረጣሉ። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ከ1 ሜትር ከ25 ሦስት ከረጢት ይወጣል። ማንጠልጠያው አራት እጥፍ ሆኖ ይሰፋ። ከአፉ ወደ ታች 5 ሳንቲ ሜትር ገብቶ በአራት ማዕዘን ከተሰፋ በኋላ መሐሉ ላይ መስቀለኛ ስፌት ይደገምበት። ልብስ ሰፊው ይህን መስቀለኛ ሊዘልለው ይፈልጋል፤ ስምንት ኪሎ ድንች የተጫነበት ማንጠልጠያ የሚነቀለው ግን ከዚያው ነው።

ከረጢቱን በመያዣ አውጡት፤ ደንበኛው የተሠራበትን ዋጋ ያስይዛል፣ ንጹሑን ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል። በእሱ ላይ ማትረፍ አይመከርም፤ ያተረፋችሁበት ዕለት ደንበኛው ዘንቢሉን ይዞ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

የማዳበሪያ ጆንያም ይነሳ። ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ የነበረበትን ጆንያ አጥቦ ዱቄት መያዣ ማድረግ በየገበያው ይታያል። እጥበት ጨርሶ አያጸዳውም። ለከሰል፣ ለኩበት፣ ለገለባ ይዋል። ስኳር ወይም ሩዝ የነበረበት ግን ተራግፎና ታጥቦ ለድንችና ለሽንኩርት ጥሩ ነው። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ደግሞ በሙቀቱ በፌስታል ውስጥ አልቦ ይበሰብስ ስለነበር፣ የሚተነፍስ ጆንያ ለእሱ እንዲያውም ይሻለዋል።

ሥጋ ቤትና እንጀራ ሻጭ

በሥጋ ቤት ጠብ የሚነሳው በሚዛን ነው። ደንበኛ ሳህን ይዞ መጣ፤ ሳህኑ 640 ግራም ይመዝናል፤ ሚዛኑ ላይ 1,640 ካልታየ ኪሎው አልሞላም። ዲጂታል ሚዛን ያለው ባዶውን አስቀምጦ ዜሮ ያድርግ፣ ደንበኛውም ዜሮውን ይይ። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ ግን ሥጋውን በራሱ በሚዛኑ ሳህን መዝኖ ወደ ደንበኛው ዕቃ መገልበጥ ነው። የመጣው ዕቃ መክተፊያውንም የሚዛኑን ሳህንም ባይነካ ይመረጣል፤ ቆሻሻው ለቀጣዩ ደንበኛ ይተርፋል።

ዕቃ ሳይዝ ለመጣ፣ ቅባት የማያሳልፍ ያልታተመ ወረቀት 45 በ45 ቆርጣችሁ ሁለት ንብር አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይችላል፤ ሩቅ ለሚሄድ ይህን ንገሩት። ከቆላው የሚመጣ የሙዝ ቅጠል ወይም ኮባ ካገኛችሁ ደግሞ ለሥጋም ለቅቤም ከወረቀት ይሻላል። ታጥቦ ይድረቅና በእሳት ነበልባል ላይ ፈጠን ብሎ ይለፍ፤ ቀለሙ ሲጠቁርና ሲያበራ ይለሰልሳል። ሳይለበለብ የታጠፈ ቅጠል በደም ሥሩ ይሰነጠቃል።

እንጀራ ከፌስታል ሲላቀቅ የሚሰማው ቅሬታ «ጠርዙ ደረቀ» የሚል ነው። የደብረ ብርሃን ብርድና ነፋስ እውነትም ያደርቃል። መፍትሔው እርጥብ ጨርቅ አይደለም፤ እሱ ሻጋታ ይጋብዛል። እንጀራው ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይደራረብ፣ ንጹሕ ደረቅ አቡጀዲ ሁለት ንብር ሆኖ ይሸፍነው፣ ሙሉው በመሶብ ወይም በአገልግል ይከደን። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየር፣ ሲታጠብም ይቀቀል፤ መዓዛ ያለው የልብስ ዱቄት ግን አይንካው፣ እንጀራ ሽታ አይለቅም።

በእጃችሁ የቀረው ፌስታል

መጋዘን የተቀመጠም ቢሆን ክምችት ነው። መዝኑት፣ ቀኑን፣ ኪሎውንና ለማን እንደተሰጠ ጻፉ፤ ፕላስቲክ መልሶ ለሚጠቀም ሰብሳቢ ስጡና አስፈርሙ። ጓሮ ማቃጠል ጎረቤትን በመርዛም ጭስ ማጠን ነው። ውጭ መድፋትም አይሆንም፤ በክረምት ጎርፍ ወደ በሬሳ ወንዝ ያወርደዋል። ከሁሉም የሚከፋው ጨው የነበረበት ፌስታል ነው፤ በግም ላምም ለጨዋማነቱ ሲሉ ይውጡታል፣ በጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ እየተከማቸ መብላት ያስቆማቸዋል። ጨው የነካውን ለብቻው ሰብስባችሁ በውኃ አለቅልቃችሁ ከሌላው ጋር አስረክቡ።

የፈረመውን ወረቀት ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መደርደሪያውን ብቻ አያይም፤ ባንኮኒ ሥርና ከበሩ ጀርባ ያለውንም ያያል። ሠራተኛችሁ ለራሱ ያስቀራት አንዲት ጥቅል ብዙ ጊዜ የምትገኘው እዚያ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት እናንተው ፈትሹ።