ማመልከቻችሁ አንድ ገጽ እንዲበቃው ትርፍ ቃል እንዲህ ልቀሙ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። በቀደም አንድ ተመራቂ የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ይዞ መጣ። ስጽፍለት ሦስት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፈ። «ጋሼ፣ የያዝኩት የአንድ ገጽ ሒሳብ ብቻ ነው» አለኝ። ፊደል ማሳነስ አልወድም፤ ቀጣሪው መነጽር ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ ትርፍ ቃል ለቀማ ጀመርን።

መጀመሪያ የአንቀጾቹን ጭራ እዩ። አንዲት ቃል ብቻዋን ወርዳ የተቀመጠችበት መስመር ካለ፣ ከዚያ አንቀጽ አንድ ቃል ስትነቅሉ ሙሉ መስመር ታተርፋላችሁ።

ቀጥሎ የግሱን ራስ። በ«ሪ» የሚጀምር የእንግሊዝኛ ግስ ብዙውን ጊዜ «እንደገና»ን ወይም «ወደ ኋላ»ን በሆዱ ይዟል። «ሪተርን ባክ» ላይ «ባክ»፣ «ሪፒት አጌን» ላይ «አጌን» ይነሳ። «ኮኦፐሬት ቱጌዘር» ላይም «ኮ» ራሱ «አብሮ» ማለት ነው። አትፈሩ፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም ይሳሳቱታል።

ከዚያ ቅጽሉን በእስክሪብቶ ሸፍኑና ተቃራኒ እንዳለው ጠይቁ። ልጁ «ፓስት ኤክስፒሪየንስ» ብሏል። የነገ ልምድ ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «ፊውቸር ፕላን»ም ያው ነው፤ ለትናንት ማን ያቅዳል? «ፍሪ ጊፍት» የምትሉም፣ በዋጋ የሚሰጥ ስጦታ መጋላ ካገኛችሁ አሳዩኝ። «ፉል ታይም»ን ግን አትንኩ፤ «ፓርት ታይም» አለ።

የኤቲኤም የመጨረሻው ኤም ማሽን ነው፣ የፒን ኤን ነምበር፣ የኤችአይቪ ቪ ቫይረስ፤ ከኋላቸው ያንኑ ቃል አትድገሙ። ይህን ወረቀት ላይ ብቻ አርሙ። እኔ አንዴ ባጃጅ ውስጥ «ኤቲኤም ማሽኑ ጋ አውርደኝ» ያለችን ሴትዮ ላርም ብዬ «አቦ ተወን!» ተብያለሁ።

ውል ላይ «ነል ኤንድ ቮይድ» (ሁለቱም «ውድቅ» ማለት ነው) ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ኖርማኖች በፈረንጆች 1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የአገሩ ሕግ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በላቲን ሲጻፍ ኖሯል፤ ጥንድ ቃልም የውል ልማድ ሆኖ ቀረ። «ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ላይ አንደኛው የአገሬው ቃል ነው፣ ሁለተኛው የላቲን፤ ሁለቱም ያው ኑዛዜ። እኛስ ሠርግ ስንጠራ «ዘመድ አዝማድ» እንል የለ?

የልጁ ሦስተኛ መስመር አልወጣ ብሎ አስቸገረን። መጨረሻ ላይ «ኢች ኤንድ ኤቭሪ» ተደብቃ አገኘኋት፤ ሁለቱም «እያንዳንዱ» ናቸው። «ኢች»ን ሳስቀር ገጹ ገጠመ። የሁለተኛው ገጽ ሒሳብ የቀረችው እኔው ላይ ነው።