ቤት ውስጥ ያለ አኳሪየም፣ ኮራልም ይሁን ዓሣ፣ ቀለሙ ሳይበላሽ ፎቶ ለማንሳት

በአይናችሁ ስታዩት ዓሣው ቀይ ነው፣ ተክሉ አረንጓዴ ነው፣ ስልክ አውጥታችሁ ስታነሱት ግን ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ መስታወቱ ላይ ደሞ መጋረጃውና የራሳችሁ ፊት ይታያል። እኔ እዚህ ጅማ ቤቴ ውስጥ ጉፒና ጎልድፊሽ ነው ያለኝ፣ የአክስቴ ልጅ ደሞ ዱባይ ሆና በጨው ውሀ ኮራል (ተክል የሚመስል የባህር እንስሳ) ታሳድጋለች፣ የምትልክልኝ ፎቶ መጀመሪያ ላይ እስክሪቢቶ የፈሰሰበት ነበር ሚመስለው። በቴሌግራም እየተላላክን ስንሞክር የቆየነውንና የሰራልንን ነው ምጽፈው፣ ውሀው ጨው ይኑረው አይኑረው ካሜራው ላይ ሚደረገው አብዛኛው አንድ ነው።

መጀመሪያ መስታወቱ። ውስጡን አልጌ ከያዘው ጊዜው ባለፈበት ኤቲኤም ካርድ ፋቅ ፋቅ አርጉት፣ አኳሪየሙ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ግን በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ምክንያቱም ቶሎ ይጫጫራል። ውጪው ላይ ውሀ ደርቆ ነጭ ምልክት ከተወ ጨርቅ ላይ ትንሽ አቼቶ ነክታችሁ ጥረጉት፣ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ከዛ አንድ ሰዓት ያህል ተውት፣ የተፋቀው ብናኝ ካልረጋ ፎቶው ላይ በረዶ የዘነበ ይመስላል።

ቀን አታንሱ። የመስኮቱ ብርሀን መስታወቱ ላይ ይመጣል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የክፍሉን መብራትና ቲቪውን አጥፍታችሁ የአኳሪየሙ መብራት ብቻ ይብራ፣ ልብሳችሁም ጠቆር ያለ ይሁን፣ ነጭ ቲሸርት ለብሳችሁ ከሆነ እሱ ራሱ መስታወቱ ላይ ይታያል።

ሌላው ካሜራውን ከመስታወቱ ጋር ቀጥ አርጎ መያዝ ነው። ወደ ጎን አዘንብላችሁ ካነሳችሁ ብርሀኑ በውሀውና በወፍራሙ መስታወት ሲያልፍ ይታጠፋል፣ ፎቶው ብዥ ይልና የነገሩ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ይወጣል፣ የቱም ሴቲንግ ይሄን አያስተካክለውም። ትራይፖድ ከሌላችሁ የጅማ ባለ ሶስት እግር በርጩማ አለላችሁ፣ ሶስት እግር ስለሆነ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም፣ ላዩ ላይ ጥሬ ቡና የሞላ ትንሽ ከረጢት አስቀምጡና ካሜራውን እሱ ላይ ጫን አርጉት፣ ቡናው በካሜራው ቅርጽ ይገባና አጥብቆ ይይዘዋል። እኔ ሁሌ የምጠቀመው ይሄንን ነው።

አሁን ሴቲንግ። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አርጉት፣ ስልክ ከሆነ ፕሮ ሞድ። ለዓሣ ሸተር ስፒዱን (ካሜራው ብርሀን የሚያስገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ) ከ1/125 ጀምሩ፣ ፈጣን ከሆነ 1/250። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8፣ ለኮራል ግን በጣም ቀርባችሁ ስለምታነሱ ፎከስ ውስጥ የሚገባው ቦታ ትንሽዬ ነው፣ ኤፍ 11 ድረስ ሂዱ (የስልክ አፐርቸር አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ክሮፕ አርጉት)። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሀን የመቀበል አቅሙ) እስከ 1600 ድረስ አትፍሩት፣ ትንሽ እህል እህል ያለ ፎቶ ከተንቀሳቀሰ ፎቶ ይሻላል። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ጥቁር መስመር ካያችሁ ካሜራው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ደሞ በሱ እጥፍ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ሸተሩን 1/100 ወይ 1/50 ላይ ስታመጡት መስመሩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ያኔ ዓሣው ዞር ለማለት ቆም የሚልበትን ሰከንድ ጠብቁ። ፎከሱ አይኑ ላይ ይሁን። የካሜራውን የራሱን ፍላሽ አጥፉት፣ መስታወቱ ላይ ተመልሶ ነው ሚመጣው።

ኮራል ስታነሱ ፓምፑን አጥፉ፣ ውሀው ሲገፋው ስለሚወዛወዝ 1/60 ላይ ጥርት አይልም። ግን ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፣ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። እኔ አንዴ ፊልተሩን አጥፍቼ ረስቼው ተኛሁ፣ ጠዋት ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲፈልጉ ነው ያገኘኋቸው፣ ሁለቱ አልተረፉም። ከዛ ወዲህ ያለ አላርም ማብሪያ ማጥፊያውን አልነካም።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አይናችን የመብራቱን ሰማያዊነት ይለምደውና ነጩን ነጭ አርጎ ያየዋል፣ ካሜራ ግን ነጭ የቱ እንደሆነ ካልነገራችሁት አያውቅም። ስለዚህ ንገሩት፣ አበባ የሌለበት ነጭ የቡና ሲኒ ውሰዱ፣ ያለ ሳሙና በሙቅ ውሀ ብቻ እጠቡ፣ አኳሪየሙ ውስጥ መብራቱ ስር አስቀምጡት፣ ፎቶውን እስኪሞላ ቀርባችሁ አንሱና ካሜራው ሜኑ ላይ ከስተም ዋይት ባላንስ ውስጥ ያንን ፎቶ ምረጡ። ስልክ ላይ ደሞ ኬልቪን (የብርሀን ቀለም መለኪያ) የሚለውን ሲኒው ነጭ እስኪመስል ድረስ ወደ ላይ ግፉት። ከዛ ሲኒውን አውጥታችሁ ማንሳት ነው። ሮው (ካሜራው ሳያስተካክለው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) የሚል ካለ በሮው አንሱ፣ ጄፔግ ላይ የተበላሸ ቀለም በኋላ ለማስተካከል በጣም ይከብዳል።

ኮራል ላይ ይሄ ብቻውን አይበቃም። የኮራል መብራት አብዛኛው 450 ናኖሜትር (የብርሀን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ኮራሉ እሱን ተቀብሎ አረንጓዴና ብርቱካናማ አርጎ ይመልሰዋል፣ ያ የሚያበራው ቀለም ከዛ ነው የሚመጣው። የብዙ ካሜራ ኬልቪን ደሞ 10000 ላይ ይቆማል፣ መብራቱ ከዛ በጣም ያልፋል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ወይ ለፎቶው ሰዓት ነጩን መብራት ከፍ ማረግ፣ ወይ ሌንሱ ላይ ቢጫ ፊልተር ማረግ፣ ቢጫው ሰማያዊውን ይዞ ያስቀርና ኮራሉ የሚመልሰውን ያሳልፋል። ፊልተር ከሌለ ቢጫ ላስቲክ ፋይል ቆርጣችሁ ሞክሩ፣ ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል ግን ቀለሙ ይመጣል። የሲኒውን ፎቶ ፊልተሩ ሌንሱ ላይ እያለ አንሱት፣ ሳታለብሱት አንስታችሁ በኋላ ካለበሳችሁት ሁሉም ቢጫ ይሆናል። ኤክስፖዠሩንም (የፎቶውን የብርሀን መጠን) ወደ ታች 0.7 ያህል አውርዱት፣ የሚያበራው ቀለም ካለፈ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ተመልሶም አይገኝም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው የላከችልኝ 1/80፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 800፣ ቢጫ ፊልተር፣ ፓምፕ ጠፍቶ ነው። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ነው የወጣው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ሮዝ እንኳን ትታያለች።